ካፊያ ከሆነ አይጠቅመኝም

«ካፊያ ከሆነ አይጠቅመኝም!» አለ ታላቅ ወንድሙ በስልክ። «ደህና አድርጎ የሚወርድ ከሆነ ንገረኝ። የሚያርስ፣ የሚዘልቅ!»

ጭምቱ ይህን የሰማው ግቢው መሀል ካለችው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ነው። ሳሙናው ዓይኑ ገብቶ ስለነበር የወንድሙን ፊት አላየም፤ ድምፁን ብቻ ሰማ። ድምፁ ደግሞ የደስተኛ ሰው ድምፅ ነበር። ሴራሚክ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በሕይወቱ አንድ ችግኝ ተክሎ የማያውቅ ሰው፣ በማለዳ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆ በሌላው ስልክ ይዞ ዝናብ ሲለምን መስማት ግራ ያጋባል። ገበሬ ቢሆን የአባት ነው። ጭምቱ ግን ግራ ሲገባው የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን የሚያስታውሱት ምናልባት እሱ ራሱና መታወቂያውን የሞላችው ሴት ብቻ ናቸው። ሲናገሩት ይሰማል፣ ሲቆጡት ይሰማል፣ ሲስቁበትም አብሮ ፈገግ ይልና ወደ ሐሳቡ ይመለሳል። ሐሳቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰማይ ላይ ነው።

«አንተ!» አለው ወንድሙ ስልኩን ዘግቶ። «ድንኳን ቤት ነው የምትውለው፤ የአየሩን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል። ዛሬ እንዴት ነው?»

ጭምቱ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። ትንበያውን ማታ ከመተኛቱ በፊትም ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድም ያየዋል፤ ሥራው ነው። «ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ነው ጋሼ። ነጎድጓድም አለው። ነገም ከነገ ወዲያም አያቆምም።»

«አይሳሳትም?»

«ሰሞኑን እንኳ አልተሳሳተም።»

«ጎበዝ!» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይህ ወንድሙ ትከሻውን የነካው መቼ እንደሆነ ጭምቱ አላስታወሰም። እናታቸው የሞተች ዕለት ነክቶት ይሆናል። እናም የዋህነት አይጣል ነው፣ ያ መታ መታ ደረቱን ሞቅ አደረገው። ዝናቡን ምን ሊያደርገው ነው ብሎ አንድ አፍታ አሰበና፣ ሰገነቱ ላይ አዲስ የውኃ ታንከር አስቀምጧል፣ ሊያጠራቅም ይሆናል ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ።

ግቢው ሁለት ቤት አለው። ፊት ለፊት ወንድሙና ሚስቱ የሚኖሩበት፣ ወለሉ እስከ ደረጃው ድረስ በሴራሚክ የተለበጠ ትልቅ ቤት፤ ጓሮ ደግሞ በእናታቸው ጊዜ የተሠሩ ሁለት የተያያዙ ክፍሎች። በአንዷ ጭምቱ ያድራል። በሌላዋ ያሳደገቻቸው አክስታቸው፣ እታበባ፣ ከስፌት መኪናዋና ከሳሏ ጋር ትኖራለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እየሰፋች ሁለቱንም ለዚህ ያበቃች እሷ ናት። ወንድሙ ጓሮውን አፍርሶ የሚከራዩ ክፍሎች ሊደረድርበት ካሰበ ቆይቷል። ለእሷ ከተማው ዳር፣ አውቶቡስ ከሚዞርበት ወዲያ ማዶ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶላታል። ለምኗታል፣ ተቆጥቷል፣ ሽማግሌ ልኮባታል። «ከዚህ ቤት ሬሳዬ ይወጣል እንጂ እኔ አልወጣም» ብላ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ለጭምቱ ክፍል እስካሁን ማንም አልመጣም። የእሱ ነገር ኋላ ይታያል ተብሎ ነው መሰል፤ ተነሥ ቢሉት እንደሚነሣ ሁሉም ያውቃል።

እታበባ በሯ ላይ ቆማ፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ወገቧ ላይ ደግፋ ጠበቀችው። «እንዴት ነው ሰማዩ? አንሶላዬን ልንከር ወይስ ልተው?»

«ዛሬ እንዳታጥቢ እታበባ። ከሰዓት ዶፍ ነው።»

«አንተ ሳትጠየቅ ሁለት ቃል ጨመርክ?» አለችና ወደ ላይ ቀና ብላ አየች። «በቃ፣ እውነትም ይዘንባል!» እየሳቀች ሳፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሳቋ ወደ ሳል ሲለወጥ እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ድንኳን ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ቀድሞ ጋራዥ የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። የወለሉ ሲሚንቶ የድሮውን ዘይት እስከ ዛሬ ያልበዋል። በግራ በኩል የፕላስቲክ ወንበሮች ጣራ እስኪነኩ ተደራርበዋል፤ በቀኝ የብረት ቋሚዎች፣ ገመድና ካስማ፤ መጨረሻ ላይ ሸራዎቹ እንደ ተኛ ከብት ተጋድመዋል። ሸራ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሸታል፤ ያ ሽታ ጭምቱ ልብስ ውስጥ ስለሚገባ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው መስኮት ይከፍታል። ባለቤቲቱን ሰው ሁሉ «እትዬ ሸራ» ይላታል። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ከአፏ ቀልድና ስድብ ተራ በተራ የሚወጣ ሴት ናት። ጭምቱን የቀጠረችው ዝም ስለሚል ነው። «እዚህ ቤት የሚያወራ አንድ ሰው ይበቃል፣ እሱም እኔ ነኝ» ብላዋለች።

የእሱ ሥራ ድንኳን መትከልና መንቀል ሲሆን፣ በመሀል ስልክ ያነሣል። የሚደውል ሰው ደግሞ ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው ሰማዩን ነው። በእነዚህ ዓመታት ጭምቱ አንድ ነገር ተምሯል፤ ትንበያ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ ነው። የሙሽራ እናት የምትፈራው ጎረቤት «ሠርጓን ዝናብ አበላሸው» ብሎ እንዳይስቅባት ነው። ጠዋት ኮንክሪት የሚሞላ ግንበኛ፣ ልብስ አጥባ የምታድር ሴት፣ ጫማው የሚያስገባ ተማሪ፣ ሁሉም ቀና ብሎ የሚያየው የሚያጣውን ነገር ነው። ጃንጥላ የሌለው ከባለጃንጥላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያያል። መኪና ያለው አያይም። አንድ ዓይነት ሰው ብቻ በጭራሽ ጠይቆ አያውቅም፤ ሐዘንተኛ። ከሬሳ ቤት ደውሎ «ዛሬ ይዘንባል ወይ?» ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመውም። «ለቅሶ ሰማይ አይመርጥም» ትላለች እትዬ ሸራ፤ ለሐዘንተኛም ዋጋ ቀንሳ ትልካለች።

የዚያን ጠዋት የመጀመሪያው ደዋይ የሙሽራ አባት ነበር። ለእሑድ ዋስትና ይሰጠኝ ብሎ ጮኸ። እትዬ ሸራ ስልኩን ከጭምቱ እጅ ነጠቀች። «አባቴ፣ እኛ የምናከራየው ድንኳን ነው፤ ሰማይ አናከራይም! ሰማይ የሚያከራይ ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ» ብላ ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ ቆርቆሮ መቺው መጣ። ሲሳሳት እንኳ ጣራ ላይ ስለማይንሸራተት «ድመቱ» የሚሉት ቀጭን ሰው ነው፤ ረጅም መሰላል ሲፈልግ ከእነሱ ይከራያል። መሰላሉን አውርዶ የሰጠው ጭምቱ ነው።

«ከሰዓት ይዘንባል» አለው እንደ ልማዱ በአጭሩ። «ጣራ እንዳትከፍት።»

«ለባለቤቱ እኔም ብዬው ነበር። አውቃለሁ አለኝ» አለ ድመቱ መሰላሉን ትከሻው ላይ እያደረገ። «ገንዘቡ የእሱ፣ ጣራው የእሱ። እኔ ምን አገባኝ?»

እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይዋ ነጣ ብላ፣ አየሩ ታፍኖ፣ ከምዕራብ በኩል ጥቁር ነገር መሰብሰብ ጀመረ። ድመቱ መሰላሉን ይዞ ተመለሰ። ሥራውን ቶሎ ጨርሷል፤ ደስ ብሎታል፤ አንድ ወንበር ከድርድሩ አውርዶ ተቀመጠና ላቡን እየጠረገ ማውራት ያዘ።

«እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም፣ እትዬ። ሰው ጣራ የሚያስነቅለው ፀሐይ ጠብቆ ነው። ይሄኛው ደመና ጠብቆ ያስነቅላል! አዲሱ ቆርቆሮ የታለ ስለው ‹ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ሲወርድ እንገዛለን› ይለኛል። እሺ አሮጌውን ከምሬ ልሂድ ስል፣ ‹አይ፣ መጋዘኔ ወስደህ ቆልፍልኝ› አለኝ። ወሰድኩለት። ከሥር ደግሞ ሰው አለ እኮ! አንዲት አሮጊት፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ። እኔ ከላይ ሚስማር ስነቅል ዝገቱ ጨርቋ ላይ ይረግፋል። እርግፍ እርግፍ ታደርገውና ትቀጥላለች። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ልጄ፣ እግርህን ጠብቅ፣ የዚያ ጥግ እንጨት በልቶታል›።» ድመቱ ሳቀ። «ለእኔ ተጨነቀች!»

«የት ግቢ ነው?» አለ ጭምቱ።

እትዬ ሸራም ድመቱም ዞረው አዩት። ጥያቄ ከአፉ ሲወጣ ብዙ አልሰሙም።

«ከዳቦ ቤቱ ወዲያ፣ አረንጓዴ በር ያለው። የሴራሚክ ነጋዴው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው እጁ ላይ ያለው ነገር ቢላዋ መሆኑን የሚያውቀው አንዳንዴ ደም ካየ በኋላ ነው። ቀኑን የነገረው እሱ ነው። መሰላሉን ያወረደው እሱ ነው። ለዚያም «ጎበዝ» ተብሎ ትከሻውን ተመትቷል፤ መመታቱም ደስ ብሎታል። ጭምቱ ከወንበሮቹ ድርድር ጀርባ ሄዶ ለወንድሙ ደወለ።

«ጋሼ፣ የእታበባ ጣራ...»

«እየታደሰላት ነው» አለ ወንድሙ ወዲያው። ከኋላው የደንበኞች ድምፅ ይሰማል። «ስንት ዓመት ያፈስ ነበር እኮ።»

«ዝናብ ነው የሚመጣው።»

«እሱንማ አንተ ነህ የነገርከኝ! ለዚህ አይደል እስኪታደስ ወዲያኛው ቤት ትግባ የምለው? ዕቃዋን የሚጭን መኪና ልኬአለሁ፤ ዝናቡ ሲጀምር ይደርሳል። ሜዳ ላይ አልጣልኳትም፣ ለራሷ ብዬ ነው። አሁን ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ለራሷ ብዬ ነው! በዚህች ቃል ስንቱ ከቤቱ ወጥቷል፤ ስንቱ ርስቱን ፈርሟል፤ ስንቱ ሽማግሌ በገዛ ልጁ እጅ ተደግፎ ወደማያውቀው ሰፈር ሄዷል። ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን ቢያውቅና ቢናገር እንኳ አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን እጁን አልሰነዘረም፣ አልተሳደበም፣ ፍርድ ቤትም አልሄደም፤ ሰማዩን ቀጥሮ እሱ ሱቁ ውስጥ ሴራሚክ ይለካል። ማታ ሲመጣ ያለቀ ነገር ያገኛል። ለሚጠይቀውም «ዝናብ እኮ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል።

ጭምቱ እትዬ ሸራ ፊት ቆመ። ከዚያ በዚያ ዓመት ከተናገረው ሁሉ የሚረዝም ነገር ተናገረ። ወንድሜ ነው አለ፤ አክስቴ ናት አለ፤ ቀኑን የነገርኩት እኔ ነኝ አለ፤ አንድ ሸራ ስጪኝ፣ ከደሞዜ ቁረጪ አለ። ድመቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ወለሉን ያይ ጀመር። እትዬ ሸራ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ደሞዝህን እዚያው!» ጮኸች። «ትልቁን ድንኳን ጫን። ሁለቱን ጫኞች ይዘህ ሂድ። ወንበርም ጫን።»

«ወንበር ምን ያደርጋል?»

«ድንኳን ያለ ወንበር ድንኳን ነው እንዴ? ጫን ብዬሃለሁ! ማን ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁህ ዝም በል። ዝም ማለቱን እንደሆነ ታውቅበታለህ።» ከዚያ ወደ ድመቱ ዞረች። «አንተ ደግሞ ስልክህ ክፍት ይሁን። ‹ምን አገባኝ› ይላል እንዴ? መሰላሌ ላይ ወጥተህ!»

ግቢው ሲደርሱ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከሩቅ አጉረመረመ። የጓሮዋ ክፍል በሯ ክፍት ነው። ጭምቱ ገባ። ያቺን ክፍል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል፤ ሁልጊዜ ጨለም ያለች፣ የጨርቅና የዘይት ሽታ ያላት፣ አምፖሏ ቢጫ። አሁን ውስጧ ብርሃን ሞልቷት እንደ ሌላ ሰው ክፍል ሆናለች። የተላጠው ቀለም፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ፣ አልጋው ላይ የተነጠፈው የተጣጣፈ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ራቁቱን ቆሟል። ከላይ ባዶ ማገሮች፣ ከማገሮቹ በላይ የሚሮጥ ደመና። እታበባ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ፀጉሯ ላይ የቆርቆሮ ዝገት አለ።

«ደህና ብርሃን ነው» አለች ቀና ሳትል። «አምፖል ቀይሩልኝ እያልኩ ኖሬ፣ ይኸው ፀሐይን ራሷን አመጣችሁልኝ። ክር ማስገባት እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።»

መርገጫውን ረግጣ አንድ መስመር ሰፋች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ዛሬ እንዳታጥቢ ያልከኝ ጊዜ» አለች፣ «ታውቅ ነበር?»

ነጎድጓዱ ቀረብ ብሎ ጮኸ። እሱ «አላውቅም ነበር» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ግን ጠዋት የተሰማው ሙቀት ትዝ ሲለው ቃሉን ተወው። እውነትም አላወቀም። አለማወቁ ግን ያለመጠየቁ ልጅ ነበር። እሷ ዓይኑን ትኩር ብላ አይታ፣ ያየችውን ለራሷ ይዛ፣ «በል እንግዲህ፣ መኪናዬ ሳይረጥብ ያሰብከውን አድርግ» አለችው።

ቋሚዎቹን በክፍሏ አራት ማዕዘን አቆሙ። የጓሮው ቤት ዝቅተኛ ስለሆነ ሸራው ከባዶዎቹ ማገሮች በላይ አልፎ፣ ክፍሏን ከነበሯ ውጦ፣ እስከ ቧንቧዋ ድረስ ወረደ። የሚታሰርበት ቦታ ሲጠፋ ጭምቱ ሁለቱን ገመዶች ከትልቁ ቤት የመስኮት ብረት ጋር ቋጠራቸው። የወንድሙ ሚስት መስኮቱን ከፍታ፣ «ምንድነው ይሄ?» አለች። የተከፈተውን ማገር፣ ድንኳኑን፣ ከዚያ የጭምቱን ፊት አየች። «እኔ የለሁበትም» ብላ መጋረጃውን ሳበች። የለሁበትም ማለት እንዴት ያለ ምቹ ቤት ነው፤ ጣራው አያፈስም።

የመጨረሻው ካስማ ሲመታ ዝናቡ ወረደ። ካፊያ አልነበረም። ትንበያው ያለውን ያህል፣ ወንድሙም የለመነውን ያህል ወረደ፤ መሬቱ ፈላ፣ ሸራው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሸራው ሥር ግን የስፌት መኪናዋ ደረቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የዕቃ መኪናው ሾፌር ነው። በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ድንኳኑን፣ የተደረደሩትን ወንበሮች አየ። ባርኔጣውን ከዚያ ሁሉ ዝናብ ሥር አወለቀ። «ይቅርታ፣ ዕቃ ጫን ተብዬ ነበር... አልሰማሁም... ነፍስ ይማር» አለና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወጣ። ጭምቱ ያኔ ነው የእትዬ ሸራ ወንበር የገባው።

ከዚያ ሰፈሩ መጣ። ግቢ ውስጥ ድንኳን ሲተከል አጥር ለአጥር ወሬው ከዝናቡ ይፈጥናል። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ገና ከበሩ «ወይኔ እህቴን! ትናንት አብረን አልነበርንም ወይ!» እያለች ገባች። ሸራውን ገለጥ ስታደርግ እታበባን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አየቻት፤ ልቅሶው ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«ማንን ነው የምታለቅሺው?» አለቻት እታበባ። «ደህና ሰው ነበረ?»

«ውይ በሞትኩት! አንቺ... ታዲያ ድንኳኑ?»

«ግቢ፣ ተቀመጪ። እግርሽ ረጥቧል። ወንበር ሞልቷል።»

ባለሱቁ መጣ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፣ የፋብሪካ ጡረተኛው በዱላው እየተደገፈ መጣ። እያንዳንዱ ከበሩ ፊቱን አጥቁሮ ይገባል፤ ሟችን ሲያይ ይደነግጣል፤ ሊስቅ ይዳዳውና ቀና ሲል ከሸራው ሥር ባዶዎቹን ማገሮች ያያል፤ ሳቁ ይከስማል። ጡረተኛው በዱላው ወደ ላይ አመለከተ።

«ማን ነው የከፈተው?»

ሁሉም ወደ ጭምቱ ዞሩ። ዝም በል ተብሏል። ዝም ማለቱን ያውቅበታል። ግን ዝምታው ለእሷ የጠቀመበትን አንድ ቀን ፈልጎ አጣ።

«ጋሼ ነው» አለ። «ዝናብ የሚመጣበትን ቀን ጠይቆ ነው የከፈተው። ቆርቆሮውን መጋዘን ቆልፎበታል። ቀኑን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ጡረተኛው አንድ ወንበር ስቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ተቀመጠ። «ተቀመጡ» አለ ለቆሙት። «ለቅሶ ነው።» ማን ሞተ ብሎ የጠየቀው የለም። ተቀመጡ።

ለወንድሙ የደወለለት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ደዋዩ እንደ መርዶ ነጋሪ ተጠንቅቆ «ቶሎ ና፣ ግቢህ ድንኳን ተተክሏል» ብቻ ብሎታል። መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ወረደ። ሰዎቹ ከሸራው ሥር ሆነው በዝናቡ መጋረጃ ውስጥ ያዩታል። ድንኳኑን አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ኋላ «እፎይታ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብላ ትምላለች፤ ባለሱቁ ድንጋጤ ነው ይላል። ምንም ይሁን ምን አልቆየም። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ጨመረ። ከዚያ ደረቱን መታ።

«እናቴ! አንቺ እናቴ! ያሳደግሽኝ! ጣራሽን አድሼ ላስደስትሽ ስል ጥለሽኝ ሄድሽ! ምነው አንድ ቀን ብትታገሺኝ! ሳልጦርሽ! ሳልጠግብሽ!»

የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ የሚነሣ አይጠፋም፤ አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ ሌላው «በቃህ» ይለዋል። አሁን ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ሁሉም ያዩታል። እሱ ይህን ሐዘን ቢመስለው ድምፁን ጨመረ፤ ከሸራው ጠርዝ ሲደርስ በጉልበቱ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ ጭቃውን አይቶ ተወው።

ከወንበሮቹ ኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ጮክ በል እንጂ ልጄ» አለች እታበባ። «ዝናቡ ድምፅህን ዋጠው።»

እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አፉ ተከፍቶ ውኃ ይገባበታል። «አ... አለሽ?» አለ።

«አለሁ። ታገሠኝ።»

ከተቀመጡት መሀል አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፤ የሚጮህበት ሰው ሲፈልግ ዓይኑ ታናሹ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ! ይሄን አሁኑኑ ንቀል!»

«አልነቅልም።» ጭምቱ የድንኳኑን ቋሚ ያዘ። «ቆርቆሮው ሲመለስና ሲመታ እነቅለዋለሁ ጋሼ። እስከዚያ ሰው ይቀመጣል። ነገም ከነገ ወዲያም ዝናብ ነው።»

ወንድሙ ወደ ሸራው ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ። ጡረተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ አየው። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ነጠላዋን አስተካከለች። እግሩ እዚያው ተመለሰ። የሸራው ጠርዝ ያጠራቀመው ውኃ በቀጭን እየወረደ የኮቱን ኮሌታ፣ ከዚያ ጀርባውን ያርሰዋል፤ ፈቀቅ ማለት ግን አልቻለም፤ ፈቀቅ ቢል ወይ ወደ ውስጥ ነው ወይ ወደ ሰፈሩ ዓይን። ስልኩን አወጣ። ጣቱ ረጥቦ ቁጥሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አሳሳተው።

«ሃሎ፣ ድመቱ! መጋዘኑን... አዎ ቁልፉን ና ውሰድ። ያንን ቆርቆሮ ጫንና... አዎ እሱኑ! አይ፣ ነገ አይደለም... ሲያባራ ወዲያው... እሺ፣ እሺ፣ የጠየቅከውን እከፍላለሁ አልኩህ እኮ!»

እታበባ መርገጫውን ረገጠች፤ መኪናው መስፋት ጀመረ። ከቋሚው አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ከዝናቡ ሥር ላለው ሰው ግባ ያለው ግን አልነበረም።